የሻለቃ ደባል

አያቴ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ የወጣ፣ ሕፃን ልጁ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የቆለፈበት፣ ካዝናው እምቢ ያለው ነጋዴ፣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። በከተማው ውስጥ እሱን እምቢ ያለ በር የለም ይባል ነበር። እኔ ግን አያቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ፣ እስኪከፈትለት ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ነው።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና ብዙ አልሆነኝም። አባቴ ባቡር ነጂ ነበር፤ በዚያው ዓመት ታሞ ሞተ። የምንኖርበት ቤት የባቡር ድርጅቱ ስለነበረ በእሱ ቦታ ለሚተካው ነጂ ልንለቅ ግድ ሆነ። እናቴ ልትጠጋው የምትችለው ሰው አባቷ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በወጣትነቷ ተጣልታው በሩን ድርግም አድርጋ ከወጣች ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ዕቃ ስንሸክፍ የእናቴ አክስት መጥታ ታግዘን ነበር። ታግዘን ነበር ስል፣ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትናገር ነበር ማለቴ ነው።

"ከሰው ጋር መኖር አልፈጠረበትም" አለች። "ወንድሜ ነው፣ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሚስቱ ትታው ሄደች፣ ወንድ ልጁ ትቶት ሄደ፣ አንቺም ትተሽው ሄድሽ። አሁንም አንድ ወር ካስቀመጠሽ ተመስገን በይ። ዕቃሽን ሁሉ እንዳትፈቺ።"

"ከዚያ በኋላስ የት ልሂድ?" አለች እናቴ።

አክስቷ ከሳጥኑ ላይ ተነሳች። ወደ እኔ ዞረችና "አንቺ ደግሞ ፊሽካ፣ እዚያ ቤት ድምፅሽ እንዳይሰማ" አለችኝ።

ፊሽካ ብሎ ያወጣልኝ አባቴ ነው። ስጮህ ድምፄ ከባቡሩ ፊሽካ አያንስም ይል ነበር፤ እኔም ስሜን ለማስከበር የተቻለኝን ሁሉ አደርግ ነበር።

የአያቴ ሱቅ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ነው፣ ቤቱም እዚያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ስንደርስ ሱቁ ተዘግቷል። ከጎን ካለው ሱቅ እጅጌዋን የጠቀለለች፣ ክንዷ ድረስ የረጠበች አንዲት ወፍራም ሴትዮ ወጣች። ዓሣ ሻጭ ናት። የምትሸጠው የሚበላ ዓሣ አይደለም፤ ሰው በመስታወት ገንዳ አስቀምጦ ለዓይኑ የሚያሳድገውን ነው።

"እናንተ ናችሁ?" አለች ሻንጣችንን እያየች። "ጋሼ ቁልፉን ለናንተ ትተዋል።"

"እሱስ የት ሄደ?" አለች እናቴ።

"ወዳጃቸው ጋ ናቸው። ቅዳሜ ይመጣሉ። 'መጀመሪያ እነሱ ይግቡ፣ እኔ ኋላ እደርሳለሁ' ነው ያሉኝ።"

እናቴ ቁልፉን ተቀብላ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። "ዓይናችንን ላለማየት ሸሸ" አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለደረጃው።

ቤቱ ተተራምሷል። ቆሻሻ አልነበረም፤ ወለሉ ተወልውሏል፣ መጋረጃው ታጥቧል። ግን አንድም ዕቃ በቦታው ያለ አይመስልም። ትልቁ ቁም ሳጥን ወደ ማድ ቤት በሚያሳልፈው መተላለፊያ አፍ ላይ ተገትሯል፤ ሰው በጎን ካልሆነ አያሳልፍም። አንድ የብረት አልጋ ሳሎን ውስጥ ከበሩ ኋላ ተወትፏል። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ርቆ ጥግ ገብቷል። ወለሉ ላይ ብረት የተጎተተበት ጭረት አለ፣ ግድግዳው ላይ ዕቃ የነበረባቸው ቦታዎች ነጣ ነጣ ብለው ይታያሉ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋዎች ጎን ለጎን ተነጥፈዋል። ዛሬ ሳስበው መጀመሪያ ልብ ልለው የሚገባኝ እነዚያን ሁለት አልጋዎች ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓይኔ የገባው ጭረቱ ነው።

እናቴ መሐል ቤት ቆማ ዙሪያዋን አየች። "ይሄ ቁም ሳጥን ከተወለድኩ ጀምሮ ከዚህ ግድግዳ ተነቃንቆ አያውቅም" አለች። "ድሮ ሲናደድ የሚወረውረው ወንበር ነበር።" ከዚያ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ነገሩ ገባኝ። አያቴ መምጣታችንን ሲሰማ በንዴት ቤቱን እንዳለ ደብድቦታል። ቁም ሳጥን እንዲህ የሚያንገላታ ሰው ክንዱ ምን እንደሚያህል ለመገመት ሞከርኩ።

መስኮቱ ሥር፣ በርጩማ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የመስታወት ገንዳ ነበረች። ውስጧ አንድ ዓሣ ብቻ አለ። ሰውነቱ ሰማያዊ፣ ክንፍና ጅራቱ ቀይ፤ ጅራቱ ከኋላው የሚጎተት ረጅም ቀሚስ ይመስላል። ቤታ የሚባለው ዓይነት ነው፤ አያቴ ሻለቃ ብሎ እንደሚጠራው ያወቅሁት ኋላ ነው። ፊቴን ወደ መስታወቱ ሳስጠጋ ክንፉን ሁሉ ዘረጋ፣ ጉንጩን ነፋ፣ መጥቶ መስታወቱን በአፉ ገጨው። የዚህ ቤት ሰውም ዓሣም ጠባያቸው አንድ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ከበሩ ወዲያ የቁልፍ ጥቅል ሲንቃጨል ይሰማኛል። እናቴ ስትከፍት ባርኔጣውን በእጁ የያዘ፣ ትንሽ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቀጭን ሽማግሌ ቆሟል። ያ ሁሉ ጡንቻ የቱ ጋ እንዳለ ፈልጌ አጣሁት።

"መግባት ይቻላል?" አለ።

"አባዬ፣ ቁልፍ የለህም እንዴ?"

"አለኝ። መግባት ይቻላል ወይ ነው ያልኩት።"

እናቴ ከበሩ ገለል አለችለት። ገብቶ መሐል ቤት ቆመ፤ ባርኔጣውን የሚያኖርበት ጠፋው። "የት ልቀመጥ?" አለ።

"ኧረ አባዬ፣ ቤትህ እኮ ነው።"

"የት ልቀመጥ?" አለ እንደገና፣ አሁን ድምፁ ጠንከር ብሎ።

እናቴ ደንግጣ ገንዳው አጠገብ ያለውን የእንጨት ወንበር አሳየችው። ሄዶ እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። እኔ የሚያሾፍብን መሰለኝ። እናቴም እንደዚያ ሳይመስላት አልቀረም፤ ሻይ ስታቀርብለት ቀና ብላ አላየችውም።

በማግስቱ ማለዳ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ጓ የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። አያቴ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ በትከሻው ቁም ሳጥኑን ገጭቶታል። "አንተ ግንድ" ይላል በጨለማው ውስጥ፣ "ማን እዚህ ቁም አለህ።" እኔ ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ሳብኩ። ራሱ አንገላቶ ያመጣውን ዕቃ ራሱ ይሰድበዋል። ነገሩ የየማለዳው ሆነ፤ ጓ፣ ከዚያ አንተ ግንድ። ቀጥሎ የምንሰደበው እኛ ነን ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ።

እናቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አገኘች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ቀኑን ከአያቴ ጋር ነው የምውለው፣ ጧት ሱቁ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት። እሱ ብዙ አያወራም። "በላሽ?" ይላል፣ "በላሁ" እላለሁ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። አንድ ቀን ግን ሻለቃን ሲመግብ አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት።

"አባባ፣ ለምንድን ነው ብቻውን የሆነው?"

"ከሰው ጋር መኖር አይችልም" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ከዓሣ ማለቴ ነው" አለና ክዳኑን መለሰ። "አንድ ጊዜ ሞክሬለት ነበር። አልሆነም።"

"ያሳዝናል" አልኩት።

እጁን በፎጣ አደራርቆ ዞር አለ። በማግስቱ ግን ሱቁን በጊዜ ዘጋና "ነይ፣ ደባል እንፈልግለት" አለኝ።

የዓሣ ሻጯ ሱቅ እርጥብ ድንጋይ፣ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። ገንዳዎቹ እስከ ጣራው ተደርድረዋል፣ የአየር መንፊያው ሳያቋርጥ ያንጎራጉራል። አያቴ የመጣበትን ሲነግራት እጇን ከውኃው አወጣች።

"ጋሼ፣ ያለፈውን ረሱት? ያን ምስኪን ባንድ ቀን አይደል እንዴ የበጫጨቀው።"

"አልረሳሁም። ለዚህ ነው አንቺን የምጠይቅሽ። ልጅቷ አዘነችለት።"

እኔ ጅራታቸው ቀለም የተነከረ የሚመስሉ ትናንሽ ዓሦች ወደድኩ። ዓሣ ሻጯ ራሷን ነቀነቀች። "እነዚህማ አይሆኑም የኔ እመቤት። ቀለማቸው ደማቅ ነው፣ ጅራታቸው ረጅም። ሲያያቸው ሌላ ሻለቃ የመጣበት ይመስለዋል፤ አይለቃቸውም።" ባለመስመሮቹን ሳሳያት "እነዚያ ደግሞ ነገረኞች ናቸው፣ ዙሪያውን እየዞሩ ክንፉን ይነጩታል" አለች። ከታች አሸዋውን የሚምጉትን ጺማሞች ሳሳያት "እነዚህስ ጨዋ ናቸው። ግን ዘመድ አዝማዱን ይዘው ካልሆነ አይኖሩም፤ የናንተ ገንዳ የሾርባ ድስት ታክላለች፣ የት ይገባሉ?" አለችኝ።

"ታዲያ ከሱ ጋር መኖር የሚችለው ምን ዓይነት ነው?" አልኳት። አሁን የምጠይቀው ለሻለቃ አልነበረም።

"ደብዛዛ የሆነ" አለች፣ በጣቷ ውኃ እያንጠባጠበች። "ረጅም ነገር የሌለው። የማይሯሯጥ። ከታች ከታች የሚውል፣ ወደ ላይ ወደሱ ቦታ የማይወጣ። መደበቂያም ያስፈልገዋል።" ከጥግ ካለው ገንዳ አንድ ቡናማ ቀንድ አውጣ አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ይኸውላችሁ። ከዚህ የተሻለ ደባል አይገኝለትም።"

"አይገድለውም?"

"መጀመሪያ መጀመሪያ ይነካካዋል። ቆይቶ ይረሳዋል።"

ይረሳዋል የሚለው በጣም ደስ አለኝ። ደረጃውን ስንወጣ የተናገረችውን እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር በልቤ እደጋግመው ነበር፤ ደብዛዛ፣ ረጅም ነገር የሌለው፣ የማይሯሯጥ፣ ከታች የሚውል።

ቤት ስንደርስ አያቴ ቀንድ አውጣውን ዝም ብሎ ውኃ ውስጥ አልጨመረውም። መጀመሪያ ሻለቃን በጭልፋ አውጥቶ ማሰሮ ውስጥ አደረገው። ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ የገንዳውን ድንጋይ አነሳና ወዲያኛው ጥግ አኖረው፤ ተክሉን ነቅሎ ድንጋዩ በነበረበት ተከለው፤ የሸክላውን ዋሻ ፊቱን አዞረው። ምንም ነገር በቦታው አልተወም። ከዚያ ቀንድ አውጣውን ቀስ አድርጎ አስገባው። ሻለቃ ማሰሮው ውስጥ ሆኖ ይንጨረጨራል።

"ለምን አታስገባውም?" አልኩት።

"ይቆይ። መጀመሪያ እንግዳው ይግባና ይልመድ። ባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚገባው።"

"ለምን?"

"ሲመለስ ቤቱ የሱ እንዳይመስለው ነው። ድንጋዩ በቦታው ካገኘው ቤቱን ያውቀዋል፣ ካወቀው ይጣላል። ሁሉ ነገር ከተዘዋወረበት ግን እሱም እንግዳ የሆነ ይመስለዋል። እንግዳ ሲሆን ደግሞ ጨዋ ይሆናል።" ይህን ሲል እኔን አያየኝም፣ ውኃውን ነው የሚያየው፤ ጆሮው ቀልቷል።

እኔም የማየው ውኃውን ነበር። ከኋላችን ቁም ሳጥኑ ያለቦታው ተገትሯል፣ አልጋው ከበሩ ኋላ ተወትፏል፣ እኔ ግን አንዴም ዞሬ አላየሁም።

ሻለቃ ገባ። ገንዳውን ዞረ፣ ድንጋዩን በነበረበት ፈለገው፣ አጣው። ወደ ቀንድ አውጣው ሄዶ አንድ ጊዜ በአፉ ነካው፤ ቀንድ አውጣው ቀንዱን አስገብቶ ዝም አለ። ሻለቃ ትቶት ሄደ። አያቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔም የምከተለውን መንገድ ያን ዕለት ቆረጥኩ።

ቀይ ቀሚስ ነበረችኝ፣ አባቴ ከመታመሙ በፊት የገዛልኝ። አጣጥፌ ፍራሽ ሥር ሸሸግኋት። ከሻንጣው ግራጫውን ሹራቤን አወጣሁና፣ ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ወር፣ እሱን መልበስ ጀመርኩ። ፀጉሬ ወገቤ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እናቴን ቁረጪልኝ አልኳት። ሙቀቱ ነው ብላ ቆረጠችልኝ፤ ስትቆርጥ ግን ደጋግማ "እርግጠኛ ነሽ?" ትለኝ ነበር። መሮጥ ተውኩ። በግድግዳ ጥግ እየታከክሁ ነው የምሄደው። ወንበር ላይ መቀመጥ ተውኩ፣ ወለሉ ይበቃኛል። መደበቂያም አገኘሁ፤ ቁም ሳጥኑና ግድግዳው መካከል ለኔ የተለካች የምትመስል ክፍተት ነበረች። እልልታም፣ ዘፈንም፣ ጩኸትም ከአፌ ጠፋ። ፊሽካ የምትባለው ልጅ ከነስሟ ሰጠመች።

ዘዴው የሚሠራ መሰለኝ። አያቴ አልተቆጣኝም። እንዲያውም እየቆየ ከበፊቱ የባሰ ዝም አለ። ከረሜላ ያመጣና ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል። አንድ ቀን ትንሽ የናስ ቁልፍ ሠርቶ ሰጠኝ፤ "የምንድን ነው?" ስለው "የምንም። የመጫወቻ ነው" አለ። ሹራቤን ያያል፣ ፀጉሬን ያያል፣ ዓይኑን ያሸሻል። ሊረሳኝ ነው ብዬ ተደሰትኩ።

አንድ ምሽት ቁም ሳጥኑ ኋላ ሆኜ እሱና እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እናቴ ሳህን ታጥባለች።

"ልጅቷ ትፈራኛለች" አለ አያቴ። "ፊሽካ ናት ብለሽኝ አልነበር? የታለ ፊሽካው? ስገባ ግድግዳ ውስጥ ልትገባ ምንም አይቀራትም። በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርባ።"

"አባቷ እኮ ነው የሞተባት፣ አባዬ።"

"አይደለም። ይሄ የኔ ነው፣ አውቀዋለሁ። ወንድምሽም ልጅ ሆኖ እንዲህ ነበር የሚሸሸኝ። ያለኝን ዘዴ ሁሉ ሞከርኩ፣ አልተሳካልኝም። እንዲህ ሆኖማ አብሮ መኖር አይቻልም።"

እናቴ ቧንቧውን ከፈተችው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ውኃው በላው። "ቅዳሜ" የሚል ሰማሁ፤ እናቴም በለቅሶ ድምፅ "የት" ስትል ሰማሁ። የቀረውን ራሴ ሞላሁት። ቅዳሜ ሊያስወጣን ነው፣ እናቴም የት እንሂድ እያለችው ነው።

እናቴ ያን ምሽት የተባለውን ካደግሁ በኋላ ነግራኛለች። "እኔ ወደ ሱቁ ልውረድ፣ አልጋዬ ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን ኋላ ይገባል፤ ቤቱን እናንተ ያዙት" ነው ያላት። እሷም "በዚህ ዕድሜህ የት ነው የምትሄደው፣ ብረት ላይ ልትተኛ ነው?" እያለች ለምናዋለች። እምቢ አለ። ልጅቷ ከምትጠፋ እኔ ልጥፋ ነው ያለው።

እኔ ይህን አላወቅሁም። ያወቅሁት ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነው፤ ደብዛዛነቴ አልበቃም። ስለዚህ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የምበላውም እዚያ፣ የምጫወተውም እዚያ ሆነ። እናቴ ብትለምነኝ፣ ብትቆጣኝ አልወጣም አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ገና ከሥራ አልተመለሰችም። ጠረጴዛው ሥር ሆኜ የአያቴን ጫማ አያለሁ። ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። ፍራሽ ሲጠቀለል ሰማሁ፣ ገመድ ሲታሰር ሰማሁ። የኛን ዕቃ ማውጣት ጀመረ ብዬ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ጫማዎቹ ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ጉልበቱ ተንቋቋ፣ አንድ እጁ ወለሉን ያዘ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ መጣ።

"እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምንም።"

"ነይ ውጪ።"

"እዚህ ይሻላል።"

"ለማን ነው የሚሻለው?"

"ላንተ" አልኩት።

እንደምንም ብሎ ሙሉ በሙሉ ወረደና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "ለኔ እንዴት ነው የሚሻለኝ? እስቲ አስረጂኝ።"

የማውቀውን ትምህርት በሙሉ አወረድኩለት። "ደብዛዛ ነገር ነው የምለብሰው። ፀጉሬን አስቆርጫለሁ፣ አሁን ረጅም ነገር የለኝም። አልሮጥም። አልጮህም። ከታች ነው የምውለው፣ ወደ ላይ ወደ አንተ ቦታ አልወጣም። መደበቂያም አለኝ። ትንሽ ብትታገሰን ትረሳኛለህ። ቅዳሜ ባታስወጣን።"

አያቴ ሹራቤን አየ፣ ፀጉሬን አየ፣ ከዚያ ወደ ገንዳው ዞረ። 

"ሻለቃው እኔ ነኝ ማለት ነው" አለ በመጨረሻ።

"አዎ" አልኩት። እንዳይከፋው ብዬ ደግሞ "ግን ቀንድ አውጣውን እኮ አልገደለውም" አልኩ።

ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚስቅ መስሎኝ እኔም ትንሽ ሳቅሁለት። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነው፤ አቧራው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ጠረጴዛ ሥር አቧራ አይጠፋም።

"ደማቅ ልብስ አለሽ?" አለኝ።

"ቀይ አለኝ። አባቴ የገዛልኝ።"

"የታለ?"

"ፍራሽ ሥር።"

"አምጪው። ልበሺው።"

ወጥመድ መስሎኝ ነበር። ግን ድምፁ እንደዚያ ቀን "የት ልቀመጥ" ሲል እንደነበረው ስለሆነ እምቢ ማለት ፈራሁ። ቀሚሷ ተጨማዳለች፣ አንድ ቁልፍም ጎድሏታል። ለብሻት ስወጣ አያቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞታል። በሩ አጠገብ የታሰረ ፍራሽ ቆሟል፤ የኛ አልነበረም፣ የሱ ነው። ይህን አየሁ፣ ግን ትርጉሙ አልመጣልኝም።

"መሐል ቤት ቁሚ" አለ።

ቆምኩ።

"ዙሪ።"

ዞርኩ። ቀሚሷ ተነፋች። ገንዳው ውስጥ ሻለቃ ቀዩን አይቶ ክንፉን ዘረጋ፣ መስታወቱን ገጨው። አያቴ ዞሮ አየው። "አንተ አርፈህ ተቀመጥ" አለውና ወደ እኔ ተመለሰ። "ፊሽካ ነው የሚሉሽ አሉ። እስቲ ልስማው።"

ትንሽ ድምፅ አወጣሁ።

"ይሄ የቀንድ አውጣው ነው" አለ። "እኔ የባቡሩን ነው ያልኩት።"

ዓይኔን ጨፈንኩና አባቴ ጣቢያው ሲደርስ በባቡሩ ያደርግ እንደነበረው፣ አየሩን ሁሉ ሰብስቤ ጮህኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። የሻይ ሲኒው ጠረጴዛው ላይ ተንቀጫቀጨ። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን በመጥረጊያ ደበደቡ። ዓይኔን ስገልጥ አያቴ ጣቶቹ ወንበሩ ላይ ነጥተዋል፣ ጆሮው ቀልቷል፣ ግን ከቦታው አልተነሳም።

"አየሽ?" አለ። "እዚሁ ነኝ። ድገሚው።"

ደገምኩት። ሦስተኛውን ስጀምር እናቴ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ደረሰች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ምን መጣ ብላ በሩ ላይ ቆመች። ቀይ ቀሚስ ለብሼ መሐል ቤት ስጮህ፣ አባቷ ወንበሩን ይዞ ሲያዳምጥ አየች።  ጎንበስ ብላ የፍራሹን ገመድ ፈታች፤ አያቴም አልከለከላትም።

እስኪሞት ድረስ አብረነው ኖርን። ጨዋ ሆነ ብል እዋሻለሁ፤ ከሬዲዮ ጋር ይጣላል፣ ከደንበኛ ጋር ይጣላል፣ በየማለዳው ከቁም ሳጥኑ ጋር ይጣላል። ሻለቃና ቀንድ አውጣው ዕድሜያቸውን ጨርሰው በሌላ ሻለቃና በሌላ ቀንድ አውጣ ተተኩ። ፀጉሬም ተመልሶ አደገ።

ከተቀበረ በኋላ ቤቱን ስናስተካክል ዓሣ ሻጯ ልታግዘን መጣች። እሷም አርጅታለች፣ ደረጃውን ስትወጣ ታርፋለች። እናቴ ቁም ሳጥኑን አየችና "እስቲ አሁን እንኳ ወደ ድሮ ቦታው እንመልሰው" አለች። "እኛ ስንመጣ ተናዶ ያነቃነቀው፣ እስከ ዛሬ መተላለፊያውን ዘግቶ ቀረ።"

"ማን ተናዶ?" አለች ዓሣ ሻጯ። "ጋሼ? እኔ አይደለሁ እንዴ በዚያኛው ጫፍ ይዤ ያንቀሳቀስኩት።"

እናቴ የያዘችውን መጥረጊያ አስቀመጠች።

"ዓሣው ያን ደባሉን ከበጫጨቀ በኋላ ዘዴውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ" አለች ሴትዮዋ። "ቤቱን ያዘዋውሩ፣ እንግዳውን ያስቀድሙ፣ እሱን መጨረሻ ያስገቡት ብዬ። እናንተ ልትመጡ ሰሞን ሱቄ መጥተው 'ለሰውስ ይሠራል?' አሉኝ። 'እንጃ ጋሼ፣ ሰው ላይ ሞክሬው አላውቅም' አልኳቸው። 'እንግዲያው ነይ አግዢኝ፣ እነዚህንም በጩኸቴ ሳላባርር' አሉ። ቀኑን ሙሉ ስንጎትት ዋልን። አልጋቸውን ከመኝታ ክፍሉ ሲያወጡ ብታዩዋቸው። ከዚያ ቁልፉን እኔ ጋ ትተው ራሳቸውን አወጡ። እስከ ዛሬ አልነገሯችሁም?"

 ጭረቱ አሁንም ወለሉ ላይ አለ። እናቴ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። በአንደኛው ጎኑ፣ በአያቴ ትከሻ ልክ፣ የየማለዳው ግጭት ቀለሙን ልጦት እንጨቱ ይታያል። እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች።

"አንተ ግንድ" አለችው ቀስ ብላ።

ከዚያ ሌላ ሥራ ጀመረች፤ ወደ ድሮ ቦታው እንመልሰው የሚል ነገር ድጋሚ አላነሳችም።